ግድቡ አልቆ ምጣዱ ለምን አይግልም? ከቱሉ ዲምቱ የተነሳ የስማርት ግሪድ ክር

ክሩን (የኢንተርኔት ውይይቱን) የከፈተው ሰው ሳይዞር ሳይጠማዘዝ ገባ። በአዲስ አበባ ዳር ባሉት በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ በኩል አሮጌ ቆጣሪ ወርዶ አዲስ በተሰቀለ ቁጥር ስማርት ግሪድ (ራሱን የሚለካና የሚያሳውቅ የመብራት መረብ) መጣ መባሉ አልተዋጠለትም። የከተማ ዳር መስመር ዓይኑ የሚያየው እስከ ማከፋፈያ ጣቢያው የ15 ኪሎቮልት ብሬከር (ብልሽት ሲያይ መስመሩን የሚቆርጥ ዕቃ) ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ፊደሩም (ከጣቢያው ወደ ሰፈር የሚወጣው መስመር)፣ ትራንስፎርመሩም፣ ወደየቤቱ የሚወርደው ዝቅተኛ መስመርም ዕውር ነው ባይ ነው። መብራት መሄዱ የሚታወቀው ሰው ሲደውል ነው። ከዚያ ጥያቄውን አስቀመጠ። 40 ትራንስፎርመር የተንጠለጠለበት አንድ ፊደር ቢሰጣችሁና ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ቢበቃ ከየት ትጀምራላችሁ? በየቤቱ የሚናገር ቆጣሪ ከመስቀል፣ በየትራንስፎርመሩ መለኪያ ከማሰር፣ ወይስ ፊደሩ ላይ ራሱን መልሶ የሚዘጋ ሪክሎዘር ከመትከል? ቁጥር የሌለው ምላሽ ባይጻፍ እንደሚመርጥም ጨመረ።

ምላሽ 1። ጠያቂውን አንቱ እያለ በትህትና ይጀምራል። 20 አሃዝ የሚመታበት የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ለምን ስማርት እንደማይባል ከሥሩ አስረዳ። ያ 20 አሃዝ 66 ቢት ነው፤ ውስጡ የታሸገው በዋናነት የኪሎዋት ሰዓት መጠንና ኮዱ የወጣበት ደቂቃ ነው። ዋጋው የሚሰላው ሂሳብ የሚሞላበት ቦታ ላይ እንጂ ቆጣሪው ውስጥ አይደለም። ስለዚህ የማታው በውድ፣ የሌሊቱ በርካሽ ይሁን ቢባል ይህ ቆጣሪ ልዩነቱን አያውቅም፤ ለእሱ አንድ ኪሎዋት ሰዓት አንድ ኪሎዋት ሰዓት ነው። ደቂቃው የሚቆጠረው እ.ኤ.አ. ከ1993 መጀመሪያ ጀምሮ በ24 ቢት ስለነበር እ.ኤ.አ. ኅዳር 24 ቀን 2024 ሞልቶ አለቀ፤ በዓለም ዙሪያ እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ቆጣሪ ሁለት ተጨማሪ ኮድ በእጅ እንዲመታበት ግድ ሆነ። መስማት እንጂ መናገር የማይችል ቆጣሪ ያለበትን ጣጣ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ እኔም አላገኘሁም።

ምላሽ 2። አጭር እርማት። አንዳንድ የካርድ ቆጣሪ ንባቡን ካርዱ ላይ ጽፎ ይመልሳል፤ ስለዚህ ጨርሶ ዲዳ አይደለም። የሚናገረው ግን ደንበኛው ሊሞላ በሄደ ቀን ብቻ ነው፤ ሦስት ወር አስቀድሞ የሞላ ቤት ሦስት ወር ዝም ይላል።

ምላሽ 3። የፕሮቴክሽን (መስመርን ከብልሽት የመጠበቅ) ሰው መሆኑ ከአነጋገሩ ያስታውቃል፤ ገንዘቡን ፊደሩ ላይ አደረገው። በአየር ላይ በተዘረጋ መስመር ከሚደርሰው ብልሽት አብዛኛው አላፊ ነው፦ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ፣ ወፍ፣ ሁለት ሽቦ በነፋስ መላተም። ለዚህ የሚበጀው ሪክሎዘር ነው። የተለመደው አሠራር ሁለት ፈጣን፣ ሁለት ዘገምተኛ መክፈትና መዝጋት ሲሆን በአራተኛው ካልጠራ ይቆለፋል። ፈጣኖቹ የቅርንጫፉ ፊውዝ ሳይቀልጥ አላፊውን ብልሽት ያጸዳሉ፤ ዘገምተኞቹ ብልሽቱ ዘላቂ ከሆነ ፊውዙ እንዲቀልጥና የተበላሸው ቅርንጫፍ ብቻ እንዲለይ ጊዜ ይሰጣሉ። ለ40 ትራንስፎርመር ሦስት ሪክሎዘር ይበቃል፤ ቦታው የሚመረጠው በኪሎሜትር ሳይሆን በመካከላቸው የሚቀረው የደንበኛ ቁጥር እንዲቀራረብ ተደርጎ ነው። በየቅርንጫፉ መነሻም ሦስት የብልሽት ጠቋሚ፣ ለእያንዳንዱ ፌዝ (ኤሌክትሪኩ ለሚመጣባቸው ሦስት ሽቦዎች) አንድ አንድ።

የሚበላሸውንም አልደበቀም። ጠቋሚው በጭነት ልክ ብቻ ከተስተካከለ መብራት ሲመለስ ትራንስፎርመሮቹ የሚስቡትን የመነሻ ጅረት ብልሽት ነው ብሎ ይጮሃል፤ ሠራተኛው ሁለቴ በከንቱ ከሮጠ በሦስተኛው ጠቋሚውን ማመን ይተዋል። ሪክሎዘሩም የመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ባትሪ ከደከመ ከተራ ምሰሶ አይሻልም። ባትሪው በፀሐይ በሚግል የብረት ሳጥን ውስጥ ከአምስት ዓመት በላይ ይኖራል ብሎ ማቀድ ራስን ማታለል ነው ይላል።

ከዚያ ወደ እውነተኛው ክፍተት ገባ፣ እዚህ ላይ ክሩ ትንሽ ዝም ያለ መሰለኝ። የተበጠሰ ሽቦ ደረቅ መሬት ላይ ሲወድቅ የሚፈሰው ጅረት ከጭነቱ ያነሰ ነው። በ12.5 ኪሎቮልት ደረጃ ከተደረጉ ሙከራዎች የሚጠቀሰው ቁጥር በደረቅ አሸዋና በደረቅ አስፋልት ላይ ዜሮ፣ በእርጥብ ሣር ላይ 50 አምፔር፣ በብረት በተጠናከረ ኮንክሪት ላይ 75 አምፔር ገደማ ነው። ብሬከሩ 300 አምፔር ካላየ የማይነቃነቅ ከሆነ ሽቦው ሕያው ሆኖ ተኝቶ ይቀራል። የቅስቱን (ሽቦው መሬት ሲነካ የሚዘለውን ብልጭታ) ንዝረት ከሞገዱ ቅርጽ ለይተው የሚያውቁ ሪሌዮች (ብሬከሩን ክፈት የሚሉ ዕቃዎች) አሉ፤ ነገር ግን ሁሉንም የሚይዝ እስካሁን የለም፣ ስሜታቸው ሲጨመር ደግሞ ብየዳ ቤትን ብልሽት ይሉታል።

ምላሽ 4። ይህን ተከትሎ ያለ ቴክኖሎጂ የሚሠራውን አስታወሰ። የወደቀ ሽቦ የሚያይ ሰው ብልጭታም ድምፅም ባይኖረው ከ10 ሜትር አይቅረብ፤ ቅርብ ሆኖ የተገኘ እግሮቹን አጣምሮ በትንንሹ እየተንሸራተተ ይራቅ፣ አይሩጥ። ሰፊ እርምጃ በሁለቱ እግር መካከል የቮልቴጅ ልዩነት ያመጣል።

ምላሽ 5። ሪክሎዘሩን ሳይነቅፍ ትራንስፎርመሩን መረጠ። ባለ 315 ኪሎቮልትአምፔር ትራንስፎርመር በ400 ቮልት በኩል በየፌዙ 455 አምፔር ይችላል፤ ባለ 200ው 289 ነው። ማታ ስንት እንደሚሸከም ግን ፊውዙ እስኪቀልጥ የሚያውቅ የለም። የሚያስፈልገው ዕቃ፦ ሦስት የሚከፈት፣ ገመዱን የሚያቅፍ ክላምፕ የጅረት መለኪያ፣ አንድ ለኒውትራል (ለመመለሻው ሽቦ)፣ በየራሱ ትንሽ ፊውዝ የተጠበቀ የሦስት ፌዝ ቮልቴጅ መውሰጃ፣ የዘይቱን ሙቀት የሚለካ አንድ ሴንሰር፣ ሲም ያለው ሞደም። ስህተት የሚበዛው ሲታሰር ነው። የክላምፑ ቀስት ወደ ጭነቱ መዞር አለበት፤ ከተገለበጠ ኪሎዋቱ ከዜሮ በታች ይነበባል፣ ይህስ ወዲያው ይታያል። ይበልጥ የሚያሳስተው የፌዝ አንድ ክላምፕ ከፌዝ ሁለት ቮልቴጅ ጋር ሲጣመር ነው፦ አምፔሩ ልክ፣ ቮልቱ ልክ፣ ኪሎዋቱ ሐሰት። ምጣድና አምፖል ብቻ በሚሠራበት ሰዓት ፓወር ፋክተሩ (ከጅረቱ በእርግጥ ሥራ የሚሠራው ድርሻ) ወደ 1 መቅረብ ሲገባው ከዜሮ በታች 0.5 ገደማ ከተነበበ ይህ ሆኗል ማለት ነው። ባለ 5 አምፔር ውጤት ያለው ክላምፕም ጫፉ ክፍት ሆኖ ሕያው መስመር ላይ ከታሰረ አደገኛ ቮልቴጅ ያወጣል፤ ስለዚህ ባለ 0.333 ቮልት ውጤት ያለውን መረጠ።

ምላሽ 6። ክሩን ወደ ማድ ቤት የወሰደችው ይህች ናት፤ ለእኔ የክሩ ምርጥ ክፍል ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ በ220 ቮልት 3.8 ኪሎዋት ቢሆን 17.3 አምፔር ይስባል። በአንድ ዝቅተኛ መስመር ጫፍ 10 ምጣድ በአንድ ጊዜ ተጥዷል እንበል፤ 6ቱ አንድ ፌዝ ላይ፣ በቀሩት ሁለት ፌዞች ሁለት ሁለት። የከበደው ፌዝ 104 አምፔር፣ ሌሎቹ 35፣ ኒውትራሉ ደግሞ የልዩነቱን 69 አምፔር ይሸከማል። መስመሩ ባለ 50 ካሬ ሚሊሜትር አልሙኒየም፣ ርዝመቱ 300 ሜትር ከሆነ የአንዱ ሽቦ ተቃውሞ 0.19 ኦም ነው። በፌዙ 20 ቮልት፣ በኒውትራሉ 13 ቮልት ይጠፋል፤ በጠቅላላው 33። ከትራንስፎርመሩ 225 ቮልት ሆኖ የወጣው ጫፍ ላይ 192 ሆኖ ይደርሳል። እነዚያው 10 ምጣዶች በሦስቱ ፌዝ በተቻለ መጠን እኩል (4፣ 3፣ 3) ቢከፈሉ የሚጠፋው 16 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። አንድ ሜትር ሽቦ ሳይጨመር፣ ትራንስፎርመር ሳይቀየር።

ቀጥላ ሌላ ነገር አነሳች። ውጭ አገር የማታ ጭነትን ለመቀነስ ቮልቴጅን በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ የተለመደ ዘዴ ነው። ምጣድ ግን አንድ እንጀራ ለማብሰል የሚፈልገው ሙቀት ያው ነው፤ ቮልቱ ሲወርድ ጊዜው ይረዝማል እንጂ የሚበላው ኪሎዋት ሰዓት አይቀንስም። ሊጡ ዓይን አያወጣም፣ አክንባሎው ተከድኖ ይቆያል፣ በ6 ሰዓት ይወርድ የነበረው ምጣድ እስከ 7 ሰዓት ይቆያል፤ የጎረቤቶች ምጣድ በአንድ ላይ የሚበራበት ዕድልም ይጨምራል። ጭነቱ ይበልጥ ይደራረባል።

ምላሽ 7። ታዲያ የቱ ቤት በየትኛው ፌዝ ላይ እንደሆነ ማን ያውቃል? ሲታሰር አልተጻፈም፣ ተጽፎም ከሆነ ከምሰሶ ላይ በተነካካ ቁጥር ተለውጧል። ዘዴውን በቅደም ተከተል ሰጠ። የየቤቱን ቆጣሪ የ15 ደቂቃ አማካይ ቮልቴጅ ለሁለት ሳምንት ውሰድ፤ በቀን 96፣ በጠቅላላው 1,344 ንባብ። ቮልቴጁን ራሱን ሳይሆን ከቀደመው ንባብ ያለውን ልዩነት አስላ። ከትራንስፎርመሩ ሦስት ፌዞች ልዩነት ጋር አስተያይ፤ አብሮ ከፍ ዝቅ የሚለው ፌዝ የዚያ ቤት ነው። ከሦስቱ ከአንዱም ጋር የማይሄድ ቤት ከተገኘ ቤቱ በሌላ ትራንስፎርመር ላይ ነው፣ በከተማ ዳርም የሚገርም አይደለም፤ ጭነት ሲበዛ ቤቶች ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛወራሉ፣ ካርታው ግን ባለበት ይቀራል። በመስመሩ ራሱ የሚነጋገሩ ቆጣሪዎች ከሆኑ ደግሞ አቋራጭ አለ፤ በሦስቱ ፌዝ መካከል 6.67 ሚሊሰከንድ ልዩነት ስላለ ሞገዱ ዜሮን የሚያቋርጥበት ቅጽበት ፌዙን ይናገራል።

ምላሽ 8። ክሩ የሰላ ቃል ያየው እዚህ ነው። የምላሽ 6 ሂሳብ የተማሪ ነው አለ። ምጣድ ተቃውሞ ነው፤ ቮልቱ ሲወርድ አምፔሩም ይወርዳል፣ ስለዚህ በ192 ቮልት 17.3 አምፔር ሊስብ አይችልም። አንዱ ምጣድ 12.7 ኦም ነው፤ መስመሩንና ኒውትራሉን አብሮ ላሰላ ሰው የከበደው ፌዝ 93 አምፔር ገደማ፣ ጫፉ ላይ ያለው 197 ቮልት፣ የሚጠፋው 28 ነው እንጂ 33 አይደለም። ምጣዱም 3 ኪሎዋት ላይ ይቆማል። እርማቱ ትክክል ነው፤ አነጋገሩ ግን ጨው አልነበረውም።

ምላሽ 9። የምላሽ 6 ጸሐፊ ቁጥሩን ተቀብላ፣ 28 ከ16 ጋር ሲነጻጸር መደምደሚያው ይለወጥ እንደሆነ ጠየቀች። መልስ አልመጣም።

ምላሽ 10። ምላሽ 7 ያቀለለውን አከበደ፦ ሰዓቱን። በቆጣሪ ውስጥ ሰዓቱን የሚመታው ተራ ክሪስታል ከሚሊዮን 20 ቢሳሳት በቀን 1.7 ሰከንድ፣ በዓመት 10 ደቂቃ ያህል ነው። የሁለት ቆጣሪ ሰዓት 10 ደቂቃ ከተለያየ የ15 ደቂቃው ንጽጽር ይበላሻል። የመብራት መጥፋት በሚበዛበት ደግሞ የሰዓቱ ባትሪ ቶሎ ያልቃል፣ ቆጣሪው ሲነሳም ከፋብሪካ የወጣበት ቀን ላይ ይነቃል። ቢያንስ በሳምንት አንዴ ከማዕከል ሰዓት ማረም፣ ሰዓቱ የዘለለበትን ንባብም ምልክት አድርጎ መጣል ያስፈልጋል።

ምላሽ 11 እና 12 በዚህ ተሳቡ። አንዱ ቆጣሪው 18:00 ሲል ደንበኛው ከምሽቱ 12 ሰዓት እንደሚያነብ፣ በሰዓት የሚለያይ ዋጋ ቢመጣ ወረቀቱ በየትኛው አቆጣጠር ይጻፍ እንደሆነ ጠየቀ። ሌላው ስድስት ሰዓት ተዛንፎ የተሞላ አንድ ቆጣሪ የማታውን እራት በሌሊት ዋጋ እንደሚያስከፍል አስልቶ፣ ደንበኛው አቤት አይልም ብሎ ቀለደ። ጳጉሜስ፣ ወር ትባላለች ወይስ አትባልም የሚል ጥያቄም ተነሳ፤ ክሩ ለጥቂት ጊዜ የዘመን አቆጣጠር ሆኖ ቆየ።

ምላሽ 13። መልሶ ያመጣው የኮሙኒኬሽን ሰው ነው። በመስመሩ ላይ የሚላክ መረጃ ከ95 ኪሎኸርዝ በታች ይጓዛል፤ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖልና ቻርጀር የሚያንጫጩትም በዚያው አካባቢ ነው። ቀን በደንብ የሚሰማ ቆጣሪ ማታ አምፖል ሲበራ ይጠፋል፣ ሠራተኛ የሚላከው ደግሞ ቀን ነው፤ ሄዶ ሲያየው ምንም አይገኝበትም። ከ2 እስከ 150 ኪሎኸርዝ ባለው ክልል ዕቃዎች ምን ያህል እንዲረብሹ እንደሚፈቀድ የሚወስነው ደረጃ ለረጅም ዘመን ባዶ ነበር፣ አሁንም ሙሉ አይደለም። ሁለተኛው ጉድለት ይብሳል። መብራት ሲሄድ ቆጣሪው ሄደብኝ ብሎ የሚልከው የመጨረሻ መልእክት አለ፤ ትንሽ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ለጥቂት ሰከንዶች ያቆየዋል። መልእክቱ የሚሄደው በተበጠሰው ሽቦ ከሆነ አይደርስም። በሲም ከሆነ ደግሞ ሺህ ቆጣሪ በአንድ ሰከንድ ይጮሃል፣ የስልክ አንቴናውም በዚያው ፊደር ላይ ሆኖ ባትሪው የደከመ ከሆነ አብሮ ዝም ይላል። መፍትሔው ሁሉም እንዳይናገር ማድረግ ነው ባይ ነው፦ በየትራንስፎርመሩ ጥቂት የተመረጡ ቆጣሪዎች፣ እነሱም በተዘበራረቀ መዘግየት።

ምላሽ 14። ጣሊያን ከ2001 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ከ30 ሚሊዮን በላይ ቆጣሪ በዚሁ በመስመር በሚላክ መረጃ አገናኝታለች፤ ታዲያ ክፍተት የምትሉት ስንፍና ነው አለ።

ምላሽ 15። እዚህ ላይ አንቱታው ቀረ፣ አንተ ተጀመረ። ጣሊያን ያን ስታደርግ ቆጣሪውን፣ መረጃ ሰብሳቢውን (የብዙ ቆጣሪ ንባብ ተቀብሎ ወደ ማዕከል የሚልከውን ሳጥን) እና ማዕከሉን ያዘዘው አንድ ኩባንያ ነበር። ከሁለት አምራች ገዝተህ አንድ ማዕከል ላይ ስታገናኝ ነው ጉዱ የሚወጣው። ዲኤልኤምኤስ የሚባለው ቋንቋ የጋራ ነው፤ የትኛው መረጃ በየትኛው ሳጥን እንደሚቀመጥና ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነ ግን እያንዳንዱ የራሱን ይመርጣል። በእንግሊዝ የመጀመሪያው ትውልድ ስማርት ቆጣሪ ደንበኛው አቅራቢ ሲለውጥ ብዙ ጊዜ ተራ ቆጣሪ ሆኖ ይቀር ነበር። ውል ላይ የሚገባውን ሦስት ነጥብ ቆጠረ፦ የምስጢር ቁልፎቹ ርክክብ ከክፍያ በፊት ይሁን፤ ርክክቡ የአምራቹ ባልሆነ ማዕከል ላይ በተሠራ ሙከራ ይሁን፤ ሙከራው ንባብ ብቻ ሳይሆን መቁረጥ፣ መቀጠልና ሶፍትዌር ማደስን ይጨምር።

ምላሽ 16። መቁረጥ ከተባለ ብሎ ፍርሃቱን አመጣ። ታኅሣሥ 23 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. በዩክሬን ሰርገው የገቡ ሰዎች ብሬከሮችን ከርቀት ከፍተው 225,000 ያህል ደንበኛ ጨለማ ውስጥ ከተቱ፤ የመገናኛ ሣጥኖቹንም ሶፍትዌር ስላበላሹ ከማዕከል መመለስ አልተቻለም። በሰዓታት ውስጥ የተመለሰው ሠራተኛ በመኪና ሄዶ በእጁ ስለዘጋው ነው። ስለዚህ ሪክሎዘር ሲተከል የእጅ መክፈቻው አይነሳ፤ ቆጣሪን ከርቀት የመቁረጥ ትእዛዝም በሰዓት ከተወሰነ ቁጥር በላይ እንዳይሄድ ገደቡ ማዕከሉ ውስጥ ሳይሆን መረጃ ሰብሳቢው ውስጥ ይቀመጥ፤ ማዕከሉ የተያዘ ቀን እንዲጠቅም።

ምላሽ 17። ሚያዝያ 28 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. የስፔንና የፖርቱጋል መብራት አንድ ላይ መጥፋቱን ጠቅሶ፣ እኛም ሶላር ከመብዛቱ በፊት ሞገድ የሚመሩ ኢንቨርተሮች (የሶላርን ጅረት ለመረቡ የሚቀይሩና የመረቡን ሞገድ ራሳቸው የሚያጸኑ ዕቃዎች) ያስፈልጉናል አለ። በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ ስለተከለከለ የኤሌክትሪክ መኪናውም እየመጣ ነው፤ ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር 32 አምፔር በአንድ ፌዝ ላይ ማለትም የሁለት ምጣድ ያህል ነው፣ ምጣድ ግን ሌሊቱን ሙሉ አይጣድም።

ምላሽ 18። መኪናውን ተቀበለ፣ ኢንቨርተሩን ገፋ። የሌላ አገር ሕመም መዋስ አያስፈልግም፤ የእኛ መረብ በአብዛኛው በውሃ የሚዞር፣ በክብደቱ ሞገዱን የሚያጸና ከባድ ተርባይን ነው። በጳጉሜ 2017 የተመረቀው ሕዳሴ ብቻ 13 ተርባይን፣ 5,150 ሜጋዋት ነው፤ በ500 ኪሎቮልት በዴዴሳ አልፎ ሆለታ ይደርሳል፣ ሆለታ ደግሞ ለአዲስ አበባ ጎረቤት ናት። ግድቡ አልቆ መብራት ለምን ይጠፋል የሚለው የሰፈር ጥያቄ መልሱ ሆለታና ምጣዱ መካከል ነው ያለው፤ ኪሎሜትሩ ትንሽ፣ ዕቃው ብዙ። የ500ው መስመር እያንዳንዱ ብሬከር ለማዕከል ይናገራል፤ የመጨረሻዎቹ 300 ሜትሮች ግን የላላ ኒውትራል እንኳ አያሳውቁም። ኒውትራሉ ሲበጠስ አንዱ ቤት 150፣ ጎረቤቱ 290 ቮልት ያያል፣ የሚናገረውም የተቃጠለው ቴሌቪዥን ነው። የምላሽ 5 መለኪያ ይህን አያይም፤ ጫፍ ላይ ያለ ቆጣሪ ያያል።

ምላሽ 19። ክሩን የከፈተው ተመለሰ፣ አንዱን ብቻ ምረጡ ያለው ራሱ ሦስቱንም ቀላቀለ። መጀመሪያ 40ው ትራንስፎርመር ላይ መለኪያ፤ ቀጥሎ በየዝቅተኛ መስመሩ ጫፍ ሦስት ቆጣሪ ብቻ፣ በየፌዙ አንድ፤ በምላሽ 7 ዘዴ ፌዙ ከተለየ በኋላ ቤቶችን ማመጣጠን፤ ሪክሎዘሩ ከዚያ ወዲያ። የሁሉም ቤት ቆጣሪ መጨረሻ። የምላሽ 3 ጸሐፊ ቅደም ተከተሉ ለቮልቴጅ እንጂ ለመብራት መጥፋት እንደማይበጅ በአንድ መስመር ተቃውሞ ወጣ (ይህን ምላሽ 20 በሉት)።

ምላሽ 21። የሁሉንም ክርክር ትቶ ክላምፑ ላይ ጠየቀ። የ24 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለው ይበቃል ወይ?

ምላሽ 22። አይበቃም። የሚለካው የብረቱ ካሬ ሚሊሜትር ሳይሆን ከነሽፋኑ ያለው ውፍረት ነው፤ ባለ 95 ገመድ ከነሽፋኑ 15 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ባለ 315 ትራንስፎርመር ላይ በየፌዙ ሁለት ሁለት ከወረደ ጎን ለጎን 30 ይሆናል። አንዱን ብቻ ክላምፕ አድርጎ በሁለት ማባዛትም ያሳስታል፤ ሁለቱ ገመድ ጅረቱን እኩል አይካፈሉም፣ በተለይ የአንዱ ጫፍ ከላላ። ተጣጣፊውን የሮጎውስኪ ጥቅል (ገመዶቹን ዙሪያ የሚጠመጠም ለስላሳ የጅረት መለኪያ) መጠቀም ይቻላል፤ ነገር ግን የራሱ ማስተካከያ ሰርኪዩትና ኃይል ይፈልጋል፣ መገጣጠሚያው ወደ ጎረቤት ፌዝ ገመድ ከተጠጋም ንባቡ ይዛባል። ስለዚህ መገጣጠሚያውን ወደ ውጭ አዙሮ፣ ጥቅሉን በገመዱ መሃል በፕላስቲክ ማሰሪያ ማጥበቅ ነው።